ትኬት ሳልቆርጥ ገባሁ፣ ቆርጬ ተመለስኩ፦ የሊንከን ሴንተሩ ዴቪድ ጌፈን ሆል ከእድሳቱ በኋላ

መጀመሪያ የገባሁት ብርድ አባሮኝ ነው። ኒው ዮርክ፣ የክረምት ማታ፣ ከብሮድዌይ ወደ ጥበብ ማዕከሉ ሊንከን ሴንተር አደባባይ ወጣሁ። ፊት ለፊት ሜትሮፖሊታን ኦፔራ፣ በግራ የባሌት ቲያትሩ፣ በቀኝ ደግሞ በመስታወቱ ውስጥ ሞቅ ያለ መብራት የሚታይበት የሙዚቃ አዳራሽ፣ ዴቪድ ጌፈን ሆል። መብራቱን ተከትዬ በሩን ገፋሁ። ትኬት አልነበረኝም። በሩ አጠገብ የቆመችው ሠራተኛ "እንኳን ደህና መጡ፣ ቦታ ፈልገው ይቀመጡ" አለችኝ። ሌላ ምንም አልጠየቀችም።

ውስጥ ሰፊ ሎቢ ነው። ካፌ አለ፣ መቀመጫ አለ፣ ደግሞ 50 ጫማ፣ ማለትም 15 ሜትር ገደማ የሚረዝም ስክሪን ግድግዳውን ይዞታል። ስክሪኑ ላይ ኦርኬስትራ እየተጫወተ ነው። የቆየ ቀረጻ መስሎኝ ነበር። ለካ እዚያው ሕንፃ ውስጥ፣ ከእኔ ጥቂት እርምጃ ብቻ ርቀው፣ በዚያችው ደቂቃ የሚጫወቱት የኒው ዮርክ ፊልሃርሞኒክ ሙዚቀኞች ናቸው። ከአጠገቤ ምግብ በብስክሌት የሚያደርስ ልጅ ተቀምጧል። ሄልሜቱን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ የምግብ ቦርሳውን እግሩ ሥር አስጠግቶ፣ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳይነቅል ያዳምጣል። ስልኩ ጮኸ። አየው፣ ተነሳ፣ ሄልሜቱን አጠለቀ፣ ሁለት እርምጃ ሄዶ ደግሞ ቆመ። ቫዮሊኖቹ አንድ ነገር ሊጨርሱ ነበር። እስኪጨርሱ ጠበቀና ወጣ።

ስለዚህ ቦታ እንድጽፍ ያደረገኝ ያ ልጅ ነው።

በሌላ ከተማ፣ ስሙን መጥራት የማልፈልገው አንድ ትልቅ አዳራሽ በር ላይ የደረሰብኝን ስለማስታውስ ነው እንደዚህ የነካኝ። ዝናብ ይዘንብ ነበር፤ የፕሮግራሙን ወረቀት ለማየት ብቻ ወደ ሎቢው አንድ እግሬን ሳስገባ ዘበኛው "ትኬት?" አለኝ። የለኝም ስለው እጁን ወደ ውጭ ዘረጋ። ሎቢው ባዶ ነበር እኮ! እብነ በረድ፣ የአበባ ማስቀመጫ፣ ሰው የማይቀመጥበት ሶፋ። የዚያን ዕለት "ይህ ቤት የኔ አይደለም" ብዬ ተመለስኩ፤ ድጋሚም አልሄድኩም። ስለዚህ አሁን አንድ የጥበብ ማዕከል ታደሰ ሲባል መጀመሪያ የማየው ገንዘብ የሌለው ሰው እስከ የት ድረስ መግባት እንደሚችል ነው። ስለ ድምፁና ስለ ወንበሩ ከዚያ በኋላ እንነጋገራለን።

ለነገሩ እዚህ ቤት ስለ ድምፁ የሚወራው ብዙ ነው። ታሪኩን ሳታውቁ እድሳቱን መመዘን አይቻልም።

አዳራሹ የተከፈተው እ.ኤ.አ. መስከረም 23 ቀን 1962 ነው። ያኔ ስሙ ፊልሃርሞኒክ ሆል ነበር። አርክቴክቱ ማክስ አብራሞቪትዝ፣ የድምፁን ነገር የያዘው ደግሞ ሊዮ ቤራኔክ፤ በዓለም ዙሪያ ያሉ አዳራሾችን ያጠና፣ በሙያው አንቱ የተባለ ሰው። በመክፈቻው ምሽት ሊዮናርድ በርንስታይን ኦርኬስትራውን መራ፤ የፕሬዚዳንቱ ባለቤት ዣክሊን ኬኔዲ ሳይቀሩ ተገኝተዋል። ድምፁ ግን አላማረም። ወፍራሙ ድምፅ፣ ቤዙ፣ ሳሳ፤ ሙዚቀኞቹም መድረክ ላይ እርስ በርስ መደማመጥ ቸገራቸው። የቤራኔክ ሐሳብ እንደ ቦስተኑ ሲምፎኒ ሆል ረዘም ብሎ ጠበብ ያለ፣ የጫማ ካርቶን የመሰለ አዳራሽ ነበር። ኋላ ላይ ወንበር ይጨመር ተባለ፤ ግድግዳዎቹ ጎበጥ ብለው ተለጠጡ፤ እሱ ያሰበው አዳራሽም ሌላ ሆነ።

ወንበር መጨመር ለምን ድምፅ ያበላሻል የሚል ካለ፣ ነገሩ እንዲህ ነው። ከመድረክ የተነሳ ድምፅ አንዱ ቀጥታ ወደ ጆሯችሁ ይመጣል። ሌላው ግድግዳና ጣሪያ መትቶ ትንሽ ቆይቶ ይደርሳል። ያ ሁለተኛው ቶሎ ከደረሰ፣ በተለይ ከግራና ከቀኝ ከመጣ፣ ጆሮ ሁለቱን አንድ አድርጎ ይሰማቸዋል። ያኔ ነው ሙዚቃው ከበበኝ፣ ዋጠኝ የምትሉት። በጣም ከዘገየ ግን ገደል ማሚቶ ይሆናል። አዳራሹን ስታሰፉት የጎን ግድግዳው ይርቃል፣ ድምፁ ይዘገያል። ከዚያ ላይ ሰው ራሱ ድምፅ ይበላል፤ ልብሳችን፣ ሰውነታችን፣ የተቀመጥንበት ስፖንጅ ሁሉ ይውጠዋል። ሰው በበዛ ቁጥር ለያንዳንዱ የሚደርሰው ያንሳል። ቀጭን ግድግዳ ካለ ደግሞ ወፍራሙን ድምፅ፣ የቤዙን፣ ከመመለስ ይልቅ አብሮት ይንቀጠቀጥና ያባክነዋል። በቪየና ያለው፣ እ.ኤ.አ. በ1870 የተሠራው ሙዚክፌራይን እስከ ዛሬ የሚወደደው ጠባብና ወፍራም ግድግዳ ስላለው ነው። የኒው ዮርኩ ቤት ግን ትልቅነትን መረጠ፤ ለምርጫውም 60 ዓመት ከፈለ።

በ1960ዎቹ ጣሪያው ተነካካ፣ ግድግዳው ተነካካ። በ1976 ሲሪል ሃሪስ የሚባል የድምፅ ባለሙያ ውስጡን እንዳለ አፍርሶ እንደ አዲስ ሠራው። ተሻለ እንጂ አልዳነም። በ1992 ደግሞ መድረኩ አካባቢ ማስተካከያ ተደረገ። በዚህ መሐል ስሙም ተቀየረ፤ በ1973 አቬሪ ፊሸር የተባለ የድምፅ መሣሪያዎች አምራች 10.5 ሚሊዮን ዶላር ሰጥቶ አቬሪ ፊሸር ሆል ሆነ። ለመጨረሻው ትልቅ እድሳት ገንዘብ ሲፈለግ አዲስ ስም መሸጥ ነበረበት። ለፊሸር ቤተሰብ 15 ሚሊዮን ዶላር ተከፍሎ ስሙ ተለቀቀ። ከዚያ በ2015 የሙዚቃና የፊልም ባለሀብቱ ዴቪድ ጌፈን 100 ሚሊዮን ዶላር ሰጠና ስሙ የሱ ሆነ። ስም በገንዘብ መሸጡ እኔን ደስ አይለኝም። የሕዝብ ቦታ የሚጠራው ሕዝብ በሚያውቀው ስም ቢሆን እመርጣለሁ። ግን ያ ገንዘብ ባይመጣ ያ ልጅ የተቀመጠበት ሎቢም አይኖርም ነበር፤ ይህንንም አልክድም።

የመጨረሻው እድሳት 550 ሚሊዮን ዶላር ፈጅቷል። ቀደም ሲል የታሰበ ሌላ ትልቅ ዕቅድ ነበር፤ እሱ በ2017 ተጣለና ነገሩ ከሥር ተጀመረ። የውጩን ቅርፊት፣ ማለትም የአብራሞቪትዝን ረጃጅም ዓምዶች ትተው ውስጡን ባዶ አደረጉት። ሥራው ለሁለት ተከፈለ። አዳራሹን ዳይመንድ ሽሚት የተባለው የካናዳ የአርክቴክቶች ቢሮ ያዘ። ሎቢውንና ሌላውን የሕዝብ ቦታ ቶድ ዊሊያምስ እና ቢሊ ሲየን ያዙ። የድምፁን ነገር አኩስቲክስ የተባለው ድርጅት ባለሙያ ፖል ስካርብሮ መራ። መጀመሪያ የታሰበው ኦርኬስትራው እየወጣና እየገባ በየወቅቱ እንዲታደስ ነበር። በመጋቢት 2020 ወረርሽኙ መጣ፣ ቤቱ ተዘጋ። እነሱም አዳራሹ ባዶ ከሆነ አይቀር ብለው ሥራውን አንድ ላይ ጨረሱት። ከታሰበው ሁለት ዓመት ያህል ቀድሞ በጥቅምት 2022 ተከፈተ። ያ ሁሉ ቤት በተዘጋበት ጊዜ ይህን መወሰን ልብ ይጠይቃል፤ አደንቃቸዋለሁ።

ምን አደረጉ? አንደኛ፣ ወንበር ቀነሱ። ከ2,738 ወደ 2,200። ከ500 በላይ ወንበር መጣል ማለት በየምሽቱ 500 ትኬት አለመሸጥ ማለት ነው፤ ቀላል ውሳኔ አይደለም። ሁለተኛ፣ መድረኩን 25 ጫማ ያህል ወደ ሕዝቡ አመጡት። ድሮ ኦርኬስትራው ዳር ላይ፣ ሣጥን ውስጥ እንደተቀመጠ ሆኖ ከሩቅ ነበር የሚታየው። አሁን ወንበሮቹ መድረኩን ዙሪያውን ይከቡታል፤ ከሙዚቀኞቹ ጀርባ ሳይቀር ሰው ይቀመጣል። ሦስተኛ፣ ግድግዳውን በቢች እንጨት ለበጡት። እንጨቱ ለጥ ያለ አይደለም፤ እንደ ውሃ ሞገድ ሽቅብና ቁልቁል ይላል። ለውበት ብቻ የተደረገ እንዳይመስላችሁ። ለጥ ያለ ግድግዳ ድምፁን እንደ መስታወት ባንድ አቅጣጫ ይመልሰዋል፤ የሞገዱ ግን ይበትነውና ለሁሉም ያዳርሰዋል።

እንግዲህ ይህን ሁሉ አንብቤ፣ በሳምንቱ ትኬት ቆርጬ ተመለስኩ። የመረጥኩት ከመድረኩ ጀርባ ያለውን ቦታ ነው። ከሙዚቀኞቹ ጀርባ፣ ፊቴን ኦርኬስትራውን ወደሚመራው ኮንዳክተር።

ይህን ቦታ ለማንም እመክራለሁ። ቢያንስ አንድ ጊዜ ሞክሩት። ከፊት የተቀመጠ ሰው የኮንዳክተሩን ጀርባና ኮት ነው የሚያየው። እኔ ፊቱን አየሁ። ለቫዮሊኖቹ ቅንድቡን ሲያነሳ፣ ለነፋስ መሣሪያዎቹ ቀስ በሉ ሲል፣ አንድ ቦታ ላይ ደግሞ ዓይኑን ጨፍኖ ዝም ብሎ ሲሰማ። ከእኔ በታች፣ እጄን ብዘረጋ የምደርስ እስኪመስለኝ ድረስ፣ ቲምፓኒ የሚመታው ሰው ነበር። ሌሎቹ እየተጫወቱ እሱ ጎንበስ ብሎ ጆሮውን ወደ ከበሮው ቆዳ ያስጠጋል፤ በጣቱ ቆዳውን መታ መታ ያደርጋል፤ በፔዳሉ ያጠብቃል፤ ደግሞ ያዳምጣል። ማንም ሳይሰማው ከበሮውን ይቃኛል። በዕድሜዬ ሙዚቃ ስሰማ ኖሬ ይህን አይቼ አላውቅም ነበር።

ከእሱ አለፍ ብሎ ትራያንግል የያዘች ሴት ነበረች። ያችን ሦስት ማዕዘን ብረት። በጣም ረጅም ጊዜ እጇን አጣጥፋ ተቀመጠች፤ ከንፈሯ ብቻ ይንቀሳቀሳል፣ ትቆጥራለች። ከዚያ ተነሳች። ብረቷን በክር አንጠልጥላ ከፍ አደረገች። ትንፋሿን ያዘች። ኮንዳክተሩ ቀና ብሎ አያት። አንድ ጊዜ ብቻ መታችው። ያ ድምፅ፣ ቀጭኑ፣ ከመቶ ሰው ሙዚቃ በላይ ተንሳፍፎ ወጣና እስከ ላይኛው ፎቅ ሄደ፤ ሲሞት ሁሉ ሰማሁት። እሷ ተቀመጠች። እኔ ግን ክንዴን ሳየው ጠጉሬ ቆሟል። ያ ድምፅ እስከ ዳር ጥርት ብሎ ከተሰማ፣ 550 ሚሊዮኑ የት እንደገባ ገባኝ።

ሐቁን ለመናገር ከጀርባ ስትቀመጡ ሚዛኑ ይለወጣል። ከበሮና ጥሩምባ ይቀርባችኋል፣ ቫዮሊኑ ይርቃል። ዘፋኝ ካለ ደግሞ የሚዘፍነው ፊቱን ወደዚያ አዙሮ ነው፤ ያኔ ከጀርባ አትቀመጡ። ይህ እንዲህ ዓይነት ዙሪያ ገባ አዳራሽ ሁሉ ያለው ጠባይ ነው፤ በ1963 የተከፈተው የበርሊኑ ፊልሃርሞኒም እንደዚሁ ነው። ሙዚቃውን በሙሉ ሚዛኑ መስማት የሚፈልግ ፊት ለፊት፣ መሐል፣ ከፍ ያለ ቦታ ይያዝ። ሌላ ምሽት ከላይኛው ፎቅ ሰምቻለሁ። ድምፁ ግልጽ ነው፤ ክላሪኔቱን ከኦቦው፣ ኦቦውን ከፍሉቱ ለይታችሁ ትሰማላችሁ። ቤዙ ደረት ላይ ይመጣል። ሙዚቃው ጣሪያ በሚነካበት ጊዜ ግን ትንሽ ደረቅ ይልብኛል። እንደ ድሮዎቹ የአውሮፓ አዳራሾች ያ ወርቃማ ሙቀት፣ ያ ከቆመ በኋላ አየር ላይ የሚቀር ነገር፣ በመጠኑ ያንሳል። ይህ የጆሮ ጉዳይ ነው፤ ባለሙያዎቹም እንኳ በዚህ አልተስማሙም። ለእኔ ከዚህ በፊት ከነበረው ችግር ጋር ሲተያይ ሌላ ዓለም ነው።

ስለ ጣሪያው አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ኮንሰርቱ ከመጀመሩ በፊት ከላይ የተንጠለጠሉ ትናንሽ መብራቶች አሉ፤ በማታ እየበረሩ የሚያበሩትን ነፍሳት፣ ፋየርፍላይ የሚባሉትን ይመስላሉ፣ ስማቸውም በዚያው ነው። ሊጀመር ሲል መብራቶቹ ሽቅብና ቁልቁል እያሉ ይጨፍራሉ፣ ከዚያ ወደ ላይ ይሰበሰባሉ። ከፊቴ የተቀመጠች ትንሽ ልጅ አፏን ከፍታ ቀና እንዳለች ቀረች። ወንበሮቹም ላይ የሚረግፉ የጽጌረዳ ቅጠሎች አሉ፤ ጨርቁ ላይ የተሠሩ። ድሮ እንዲህ ዓይነት አዳራሽ ማለት ቀይ ከፋይና ወርቅ ነበር። ይኼኛው ሰው እንዲፈራ ተብሎ አልተሠራም።

አሁን ወደ አደባባዩ እንውጣ። እዚህ ላይ ነገሩ ይከብዳል።

ሊንከን ሴንተር የተሠራው ባዶ መሬት ላይ አይደለም። ሳን ሁዋን ሂል የሚባል ሰፈር ነበር። ጥቁሮችና ፖርቶ ሪኮዎች የሚበዙበት፣ ጃዝ የሚሰማበት፤ ፒያኒስቱ ቴሎኒየስ መንክ ያደገው እዚያ ነው። ሮበርት ሞዝስ የተባለው ኃያል ሹም ሰፈሩን "ቆሻሻ" አሰኘና አስነሳው። ከ7,000 በላይ ቤተሰብና 800 ያህል ንግድ ቤት ተፈናቀለ። ከዚያ በ1959 ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር አካፋ ይዘው የመሠረት ሥራውን አስጀመሩ። የተሠራው ቦታ ደግሞ የቀሩትን ጎረቤቶች ጀርባ የሰጠ ነበር። በአምስተርዳም አቬኑ በኩል፣ የመንግሥት የኪራይ ቤቶቹ ባሉበት፣ የገጠማቸው ግድግዳ ነው። በሩ ወዲህ ማዶ፣ ለኮለምበስ አቬኑ ተከፈተ። ሰፈር ፈርሶበት የሚያውቅ ሰው ይህን ያለ ማብራሪያ ይረዳዋል። ቤቱ ሄደ፣ ከዚያ በላይ ደግሞ በር ተዘጋበት።

እድሳቱ ይህን ታሪክ አልደበቀውም፤ በዚህ አከብራቸዋለሁ። አዲሱ አዳራሽ በጥቅምት 8 ቀን 2022 ሲከፈት መጀመሪያ የተሰማው ስለዚያ ስለፈረሰው ሰፈር የተደረሰ ሥራ ነው። የደረሰው ከትሪኒዳድ የመጣው ጥሩምባ ነፊ ኤትየን ቻርልስ ነው። በሰሜን በኩል፣ በ65ኛው መንገድ፣ አርቲስቷ ኒና ሻኔል አብኒ ሕንፃውን በደማቅ ቀለም በተሞላ ሥዕል አልብሳው ነበር፤ የሰፈሩ ሰዎች ናቸው። ሎቢው ውስጥ ባለው ስክሪን ላይ ደግሞ የጃኮልቢ ሳተርዋይት የቪዲዮ ሥራ ታየ። የፈረሰን ሰፈር ሥዕል አይመልሰውም። ግን በተፈናቀሉት ስም ዝም ብሎ ማለፍ ይቻል ነበር፤ 60 ዓመት ተደርጓል እኮ።

አደባባዩ ራሱ የታደሰው ቀደም ብሎ ነው። ድሮ ከኮለምበስ አቬኑ ስትመጡ መጀመሪያ የሚገጥማችሁ መኪና ሰው የሚያወርድበት መንገድ ነበር። ዲለር ስኮፊዲዮ እና ሬንፍሮ የተባሉት አርክቴክቶች መንገዱን ወደ ሥር ቀበሩትና ደረጃውን እስከ እግረኛው መንገድ አወጡት። በደረጃው ግንባር ላይ ጽሑፍ በመብራት ይሄዳል። አሁን ከእግረኛው መንገድ መኪና ሳያቋርጣችሁ፣ ልጅ እጅ ይዛችሁ፣ ቀጥታ ወደ ፏፏቴው ትሄዳላችሁ። ፏፏቴውም በ2009 እንደ አዲስ ተሠርቷል። ዙሪያውን ያለው ጥቁር ድንጋይ ከመሬት ከፍ ብሎ የተንሳፈፈ ነው የሚመስለው፤ ሰው ይቀመጥበታል። ውሃው አንዴ ከጉልበት በታች ዝቅ ይላል፣ አንዴ ደግሞ ባንድ ጊዜ ወደ ሰማይ ይወነጨፋል። ልጆች ሲወነጨፍ ይጮሃሉ፣ ሲወርድ ይጠብቃሉ፣ ደግሞ ይጮሃሉ። ማታ ማታ ሙሽሮች ፎቶ ይነሳሉ።

በ2021፣ ሰው ከቤት መውጣት በናፈቀበት ጊዜ፣ አደባባዩን በሰው ሠራሽ ሣር ሸፈኑት። የመድረክ ዲዛይነሯ ሚሚ ሊን ሥራ ነው። ድንጋዩ ጠፋ፤ ሰው ተጋደመበት፣ መጽሐፍ አነበበ፣ ሕፃን ዳዴ አለ። ከዚያ ከ2022 ጀምሮ በበጋ የዳንስ መድረክ ይዘረጋል፤ ትልቅ የዲስኮ ኳስ ከፏፏቴው በላይ ይሰቀላል። ሳልሳ አለ፣ ስዊንግ አለ፣ ጆሮ ላይ ማዳመጫ አድርጎ ያለ ጩኸት የሚጨፈርም አለ። አብዛኛው ነፃ ነው። የማያውቁት ሰው እጃችሁን ይዞ ሁለት ዙር ያሾራችሁና አመስግኖ ይሄዳል።

የሚጎድለውንም ልናገር። ሣሩ ሲነሳ አደባባዩ ተመልሶ ድንጋይ ሆነ። ከፏፏቴው ጠርዝ ሌላ እዚያው መሐል የሚቀመጡበት ትንሽ ነው፤ የቀትር ፀሐይ ሲወጣ ጥላ የለም። ጥላ የሚፈልግ ከኦፔራው በስተሰሜን ወዳለው ሄርስት ፕላዛ ይሂድ፤ ዛፍ አለ፣ ገንዳ አለ፣ የሄንሪ ሙር ቅርጽ ውሃው ላይ ተጋድሟል፣ ጣሪያ ላይ የበቀለ እውነተኛ ሣርም አለ፤ እሱም ለሁሉም ክፍት ነው። ግን ዋናው አደባባይ የሰው መቀመጫ ያስፈልገዋል። በ2021 ሕዝቡ በተግባር አሳይቷቸዋል፤ ሣር ሲያገኝ ተቀመጠ። ይህን ቋሚ ማድረግ ነበረባቸው ብዬ አምናለሁ።

የአምስተርዳም አቬኑው ግድግዳ ነገርም አሁን ተነስቷል። በዳምሮሽ ፓርክ በኩል ግድግዳውን አፍርሶ ለጎረቤቱ በር ለመክፈት፣ ፓርኩንም ለማደስና የውጭ መድረክ ለመሥራት ዕቅድ ወጥቷል። ሁድ ዲዛይን ስቱዲዮ፣ ዋይስ ማንፍሬዲ እና ሙዲ ኖላን ይዘውታል፤ በ2028 ያልቃል ተብሎ ይጠበቃል። ከአዳራሹ ይልቅ እኔ የምጠብቀው ይህን ነው። አዳራሹ ሙዚቃ ወዳዱን ካሠ፤ ይኼኛው የሚክሰው በግድግዳው ማዶ የኖረውን ነው።

ለመሄድ ላሰባችሁ ጥቂት ልጨምር። የፊልሃርሞኒኩ ትኬት ርካሽ አይደለም፤ ከጀርባና ከላይ ያለውን መጀመሪያ እዩ። ሊንከን ሴንተር ራሱ ከሚያዘጋጃቸው ፕሮግራሞች ብዙዎቹ ነፃ ናቸው፣ ወይም የቻሉትን ከፍለው የሚገቡባቸው ናቸው፤ ስለዚህ ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት አዘጋጁ ማን እንደሆነ አጣሩ። በብሮድዌይና በ65ኛው ማዕዘን ላይ በመስታወት የታጠረ ትንሽ ስቱዲዮ አለ፤ ውስጡ የሚደረገውን ከእግረኛው መንገድ ቆማችሁ ታያላችሁ። ለመብላት ታቲያና አለ፣ እዚያው ሕንፃ ውስጥ። ሼፉ ክዋሜ ኦንዋቺ በብሮንክስ ያደገ ነው፤ የምዕራብ አፍሪካንና የካሪቢያንን ጣዕም ከኒው ዮርክ ጋር አጋብቶታል፣ በኤጉሲ (በሐብሐብ መሰል ተክል ፍሬ) የሚሠራው ዳምፕሊንጉ ስም ያወጣ ነው። በ2023 የኒው ዮርክ ታይምስ የምግብ ሐያሲ ከከተማው ምግብ ቤቶች አንደኛ አድርጎታል፤ ስለዚህ ቦታ ቀድሞ መያዝ የግድ ነው። በእንዲህ ያለ ቤት ውስጥ የአፍሪካ ምግብ የክብር ቦታ ማግኘቱን ሳይ ደስ ብሎኛል፤ ይህን ሳልደብቅ እጽፋለሁ።

ካልቻላችሁ ደግሞ ምንም አትግዙ። ኮንሰርት ባለበት ማታ ሂዱ፣ በሩን ግፉ፣ ወንበር ሳቡና ስክሪኑ ፊት ተቀመጡ። ሁልጊዜ ይተላለፋል ማለት አይደለም፣ ግን ብዙ ጊዜ ይኖራል። እኔ ትናንትም ሄጄ ነበር። ሁለት አሮጊቶች የገበያ ዘንቢላቸውን መሐላቸው አድርገው ተቀምጠዋል። አንደኛዋ እንቅልፍ ወስዷታል። ሌላኛዋ ጭብጨባው ሲመጣ እሷም አጨበጨበች፤ ጓደኛዋ ነቃችና ምን እንደሆነ ሳትጠይቅ አብራት አጨበጨበች።